በ66 ዓመቴ ያወጣሁት ቁጥር

ባለቤቴ ካረፈ በሁለተኛው ወር ባንክ ቤት ተቀምጬ ቅጽ እሞላ ነበር። ስም ጻፍኩ። የትውልድ ቀን ጻፍኩ። አድራሻ ጻፍኩ። ከዚያ አንድ ሳጥን ጋ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። «የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር» ይላል።

የባለቤቴን ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ። አራት ዓመት ሙሉ በየወረቀቱ ላይ ሲጽፈው አይቻለሁ። እሱኑ ጻፍኩ። ወጣቷ ሠራተኛ ቅጹን አየት አድርጋ መለሰችልኝ። «ይሄ የባለቤትዎ ነው። አሁን የምንፈልገው የእርስዎን ነው» አለች። በትሕትና ነው ያለችኝ። ቤት እስክገባ ድረስ ግን ያቺ ቃል ከጆሮዬ አልወጣችም። የእርስዎን።

የእኔ የምለው ቁጥር አልነበረኝም።

ሁለታችንም ሥራችንን ጨርሰን፣ ጡረታ ወጥተን ነው ወደዚህ አገር የመጣነው። ልጃችን እዚህ ትኖራለች። ያኔ እኔ 62 ዓመቴ ነበር። የወረቀት ጉዳይ ሁልጊዜም የእሱ ነበር። አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ ፋይል ነበረው። ፓስፖርት፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የኪራይ ውል፣ የጡረታ ደብዳቤ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ በየተራው ተሰድሯል። በመጣን በመጀመሪያው ወር ሄዶ ቲኑን፣ ማለትም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን፣ አወጣ። «አንቺም ነይ፣ አብረን እንጨርሰው» ብሎኝ ነበር። «እዚህ ሥራ የለኝ፣ ገቢ የለኝ፣ ምን ያደርግልኛል?» አልኩት። አልጫነኝም።

እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። ቁጥር ከወሰድኩ ግብር ይከተለኛል ብዬ ነበር የማስበው። ስሜ መዝገብ ውስጥ ይገባል፣ አንድ ቀን ደብዳቤ ይመጣል፣ ክፈዪ ይሉኛል። በዚህ ዕድሜዬ ከመንግሥት ጋር አዲስ ጉዳይ መጀመር አልፈለግኩም። ያንኑ ፍርሃት ከዚያ ወዲህ ከብዙ ጡረተኞች አፍ ሰምቼዋለሁ። ይህን የምጽፈውም ለእነሱ ነው። በተለይ ደግሞ በትዳር ውስጥ የወረቀቱን ነገር ለሌላው ለተዉት።

በእኔ አእምሮ ውስጥ ሦስት ነገሮች ተጣብቀው ነበር። አንደኛው ቁጥር መያዝ ነው። ሁለተኛው ለግብር ጉዳይ የአንድ አገር ነዋሪ ተብሎ መቆጠር ነው። ሦስተኛው ግብር መክፈል ነው። ሦስቱ ለየቅል ናቸው።

ጀርመንን ተመልከቱ። እዚያ አድራሻውን ያስመዘገበ ሰው ሁሉ ባለ 11 አሃዝ የግብር መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። አዲስ የተወለደ ሕፃንም ይሰጠዋል። ጣሊያንም ሕፃኑ ሲመዘገብ ኮዱ አብሮ ይወጣለታል። እነዚህ ሕፃናት ግብር ከፋይ ስለሆኑ አይደለም። መንግሥት ሰውን ከሰው የሚለይበት ምልክት ስለሆነ ነው። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ከባለቤቴ ጋር እሄድ ነበር።

የነዋሪነቱን ጉዳይ ደግሞ የሚወስነው ቁጥሩ ሳይሆን ኑሮው ነው። በብዙ አገሮች በዓመት ውስጥ 183 ቀን የሚለው መለኪያ አለ። ታይላንድ 180 ቀን ትላለች። ቋሚ ቤት የት ነው፣ ቤተሰብ የት ነው የሚሉትም ይታያሉ። እና ልብ በሉ፣ ቁጥር የሌለው ሰው ከነዋሪነት አያመልጥም። እኔ አራት ዓመት ስኖር ቁጥር አልነበረኝም፤ ነዋሪ ግን ነበርኩ። ቁጥሩን አለመውሰዴ ከምንም አላዳነኝም። ጥቅሙን ብቻ ነው ያስቀረብኝ። ወደዚያ እመለስበታለሁ።

ባንኩ ለምን እንዲህ አጥብቆ እንደሚጠይቅ የገባኝ ኋላ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በኩል አንድ ዓለም አቀፍ መስፈርት ወጣ። አገሮች የባንክ ሂሳብ መረጃን በየዓመቱ እንዲለዋወጡ የሚያደርግ ነው። የመጀመሪያው ልውውጥ የተካሄደው በ2017 ሲሆን ዛሬ ከ100 በላይ አገሮችና ግዛቶች ገብተውበታል። ስለዚህ ባንኮች ደንበኛውን የግብር ነዋሪነትህ የት ነው፣ ቁጥርህስ ስንት ነው ብለው ይጠይቃሉ። ለውጭ አገር ሰው ብቻ የተለየ ጥርጣሬ የያዙ መስሎኝ ነበር። እንደዚያ አይደለም።

በዚያ ቅጽ ላይ ቁጥር ለሌለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ምክንያቶች ተቀምጠዋል። ኤ፣ ቢ እና ሲ ይሏቸዋል። ኤ ማለት አገሩ ለነዋሪዎቹ እንዲህ ያለ ቁጥር አይሰጥም ነው። ቢ ማለት ሰውየው ቁጥሩን ማግኘት አልቻለም፣ ለምን እንደሆነ ያስረዳል። ሲ ማለት የአገሩ ሕግ ቁጥሩ እንዲጠየቅ አያስገድድም ነው። እኔ ሦስቱንም ደጋግሜ አነበብኩ። አገሩ ይሰጣል። ሕጉ ያስገድዳል። ማግኘት አልቻልኩም እንዳልል ደግሞ አንድም ቀን ሄጄ አልጠየቅኩም። የእኔን ነገር የሚገልጽ ምርጫ አላገኘሁም። ቅጹን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ወደ ግብር ቢሮው ሄድኩ። ብቻዬን ነው የሄድኩት። ልጄ ፈቃድ ጠይቃ አብራኝ ልትመጣ ነበር፤ እኔ አይሆንም አልኳት። የወረፋ ቁጥር ቆርጬ ተቀመጥኩ። ተራዬ ሲደርስ መስኮቱ ላይ ያለው ሰው «ለምን ፈለጉት?» አለኝ። ለባንክ አልኩት። «እዚህ ገቢ አለዎት?» የለኝም። «ሥራ? ንግድ?» የለኝም። «እንግዲያው መመዝገብ አያስፈልግዎትም» አለና የሚቀጥለውን ሰው ጠራ።

ባንኩ ያለ ቁጥር አላስተናግድም ይላል። ቢሮው ያለ ገቢ ቁጥር አልሰጥም ይላል። መሐል ላይ ቆሜ ቀረሁ። በረንዳው ላይ ወጥቼ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ለቁጥሩ ብቻ አልነበረም።

ከዚያ ግን አንድ ነገር አደረግኩ። ባንኩ ተመልሼ ለምን ቁጥሩን እንደሚፈልጉት በጽሑፍ እንዲሰጡኝ ጠየቅኩ። አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። የሟች ባለቤቴን ሂሳብ ወደ እኔ ለማዞርና ለሟች ተተኪ የሚከፈለውን ጡረታ ለመቀበል ቁጥሩ ግዴታ እንደሆነ ይገልጻል። ይህንን ይዤ ሌላ ቀን ሄድኩ። ሌላ መስኮት ላይ አንዲት ሴትዮ ደብዳቤውን አነበቡና «አሃ፣ እርስዎ የሚሞሉት ሌላ ቅጽ ነው» አሉ። ከመሳቢያቸው አውጥተው ሰጡኝ። የመጀመሪያው ሰውዬ ክፋት አልነበረበትም። ለሠራተኛና ለነጋዴ የሚሆነውን መዝገብ ብቻ ነበር በአእምሮው የያዘው።

ይህ የእኔ ገጠመኝ ብቻ አይደለም። ፊሊፒንስን ብንወስድ ለሠራተኛ አንድ ቅጽ አለ፤ ለነጋዴ ሌላ አለ። 1904 የሚባለው ደግሞ ለአንድ ጊዜ ብቻ ግብር ለሚከፍሉና ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ጉዳይ ኖሯቸው ቁጥር ብቻ ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች ነው። ያለ ገቢ ቁጥር የሚፈልገውን ሰው ሕጉ አስቦበታል ማለት ነው። መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ላያስታውሰው ይችላል። ስለዚህ «ቁጥር እፈልጋለሁ» ብሎ ከመግባት «ገቢ የለኝም፣ ለባንክ ጉዳይ ቁጥር እፈልጋለሁ፣ የእኔ ቅጽ የቱ ነው?» ብሎ መጀመር ይሻላል።

የምድቡ ነገር እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። አንዱ የማውቀው ጡረተኛ ቶሎ እንዲያልቅለት ብሎ «በግል ሥራ የሚተዳደር» በሚለው መዝገብ ተመዘገበ። ቁጥሩ በዕለቱ ተሰጠው። ውሎ አድሮ ግን በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት አላቀረብክም የሚል ማስጠንቀቂያ መጣበት። ምንም ሳይሸጥ፣ ምንም ሳይሠራ። ምዝገባውን ለማሰረዝ የፈጀበት ጊዜ ቁጥሩን ለማውጣት ከሚፈጀው እጥፍ ድርብ ነበር። ግብርን በተመለከተ የሰው ፍርሃት መነሻው ይህን የመሰለ ታሪክ ነው ብዬ አምናለሁ። ችግሩ ከቁጥሩ አይደለም፤ ከምድቡ ነው።

ሌላው፣ ቁጥሩን የሚሰጠው ሁልጊዜ የግብር ቢሮ አይደለም። ስፔን ለውጭ አገር ሰው የሚሰጠው መለያ የሚወጣው በፖሊስ በኩል ነው። በኤክስ፣ በዋይ ወይም በዜድ ይጀምርና 7 አሃዝ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ፊደል ይከተላል። ለግብርም የሚያገለግለው እሱው ነው። ጣሊያን ደግሞ የግብር ቢሮው ይሰጣል፤ ውጭ ያለ ሰው በቆንስላ በኩል መጠየቅ ይችላል፤ ክፍያም የለውም። አሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር ለማይገባው ሰው በ9 የሚጀምር ባለ 9 አሃዝ ቁጥር አላት። ማመልከቻው ደብሊው-7 ይባላል። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጥ ነው። ሦስት ዓመት በተከታታይ የግብር ማስታወቂያ ላይ ካልተጠቀሙበት ያልፍበታል። የሥራ ፈቃድ አይሆንም፣ የማኅበራዊ ዋስትና ክፍያም አያስገኝም። እንደ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ያለ የግል ገቢ ግብር የሌለበት አገር ደግሞ አለ። እዚያ የሚኖር ጡረተኛ ባንክ ቅጹ ላይ ኤ የሚለውን ምክንያት ይመርጣል።

ወደ መስኮቱ ልመለስ። ሴትዮዋ ስሜን ኮምፒውተር ላይ ካስገቡ በኋላ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞሩት። «እያንዳንዷን ፊደል ይዩልኝ» አሉ። መነጽሬን አድርጌ አየሁ። የእኔ ስም በሌላ ፊደል ነው የተወለደው። ወደ ላቲን ሲገለበጥ እንደ ጻፈው ሰው ጆሮ ይለያያል። ፓስፖርቴ ላይ አንድ ዓይነት ነው። የመኖሪያ ፈቃዴ ላይ አንዲት ኤች ጎድላለች። የጋብቻ ምስክር ወረቀቴ ላይ ደግሞ አንዱ ፊደል ተደግሟል። ለእኔ ሦስቱም እኔ ነኝ። ለኮምፒውተሩ ሦስት ሴቶች ናቸው።

የትውልድ ቀኔም ችግር ነበረበት። የተወለድኩት በሰባተኛው ወር በ4ኛው ቀን ነው። አንዱ ወረቀት 04/07 ይላል፣ ሌላው 07/04። ቀኑ 12 ወይም ከዚያ በታች የሆነ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ቀን የቱ፣ ወር የቱ እንደሆነ ወረቀቱ ራሱ አይናገርም። ሴትዮዋ ወሩን በፊደል አስጻፉኝ።

ይህ በአንዳንድ አገር ከሌላው በበለጠ ይከብዳል። የጣሊያኑ ኮድ 16 ፊደልና ቁጥር ሲሆን የሚሠራው ከስም፣ ከትውልድ ቀን፣ ከፆታና ከትውልድ ቦታ ነው። ለሴት የትውልድ ቀኗ ላይ 40 ይደመራል። እኔ እዚያ ብኖር ኖሮ 4 የነበረው 44 ይሆን ነበር። ከጣሊያን ውጭ የተወለደ ሰው የቦታ መለያው በዜድ ይጀምራል። የሜክሲኮውም ባለ 13 ሆሄ ኮድ ከስምና ከትውልድ ቀን የሚወጣ ነው። እንዲህ ባለ አገር አንዲት ፊደል ስትሳሳት የተሳሳተው ስሙ ብቻ አይደለም፣ ቁጥሩም ነው። ፖርቱጋል ባለ 9 አሃዝ ነው፤ የመጨረሻዋ አሃዝ የተቀሩት በትክክል መጻፋቸውን ለማጣራት ነው የገባችው። ከስም ጋር አትገናኝም።

ደንቡ ቀላል ነው። ሁሉም ነገር በፓስፖርቱ ይጻፍ። ሌላ ወረቀት ላይ የተለየ አጻጻፍ ካለ መጀመሪያ እሱ ይስተካከል፤ ከዚያ ቁጥሩ ይጠየቅ። እኔ በግልባጩ ነው የሄድኩት፤ መኖሪያ ፈቃዴ እስኪታረም ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ።

ቀጥሎ የአድራሻ ማስረጃ መጣ። የመብራት ደረሰኝ አምጪ አሉኝ። ደረሰኙ በባለቤቴ ስም ነው። የውሃውም በእሱ ስም ነው። የኪራይ ውሉ ላይ የፈረመው እሱ ነው። ሰማያዊውን ፋይል ከፍቼ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋኋቸው። አራት ዓመት በኖርኩበት ቤት ውስጥ ስሜ የተጻፈበት አንድ ወረቀት ፈለግኩ። የሐኪም ቀጠሮ ወረቀት ብቻ ነበር ያገኘሁት። እሱ ደግሞ አይቆጠርም።

ባለቤቴን አልወቅስም። ሸክሙን የወሰደው ሊያሳርፈኝ ብሎ ነው። እኔም ማረፌን ወድጄው ነበር። ግን አንዳችን መቅረታችን እንደማይቀር ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ስለዚያ አላወራንም።

መውጫው የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ሆነ። የእሱ ሚስት መሆኔ ከተረጋገጠ በእሱ ስም ያለው ደረሰኝ ለእኔም ይሠራል ተባለ። ወረቀቱ ግን ከሌላ አገር ስለመጣ አፖስቲል ያስፈልገዋል። አፖስቲል እ.ኤ.አ. በ1961 በሄግ በተፈረመ ስምምነት የመጣ ነው። አንድ አገር የሰጠው ሰነድ በሌላው አባል አገር እንዲታመን የሚደረግበት ማረጋገጫ ነው። የሚያረጋግጠው የፈራሚውን ማንነትና የማኅተሙን ትክክለኛነት ነው፤ ውስጡ የተጻፈው እውነት መሆኑን አይደለም። ሰነዱን የሰጠው አገር ወይም የሚቀበለው አገር የስምምነቱ አባል ካልሆነ መንገዱ ረዘም ይላል፤ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትና በኤምባሲ ነው የሚያልፈው። ቅደም ተከተሉም አለ። ባብዛኛው አፖስቲሉ ይቀድማል፣ ትርጉሙ ይከተላል፤ አፖስቲሉም አብሮ እንዲተረጎም። እኔ አስቀድሜ አስተርጉሜ ነበርና ሁለት ጊዜ ከፈልኩ።

በዚህ መሐል አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ አጋጠመኝ። ፓስፖርትዎን ይስጡኝ፣ በሦስት ቀን ይዤልዎት እመጣለሁ አለ። ደክሞኝ ስለነበር ልሰጠው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ያስቆመኝ የጎረቤቴ ታሪክ ነው። እሷም ጡረተኛ ናት፤ ከሌላ አገር ነው የመጣችው። ቁጥሯን ያወጣላት ሰው ምዝገባው ላይ የራሱን ኢሜይልና የራሱን ስልክ ነበር የሞላው። ቢሮው የሚልከው ሁሉ ለእሱ ነው የሚደርሰው። ሰውየው ሥራውን ትቶ ጠፋ። እሷም የራሷን መዝገብ በኦንላይን መክፈት ስላቃታት አንድ ዓመት ሙሉ ስትመላለስ ኖረች። በሕግ ተወካይ የሚጠየቅበት አገር አለ፤ ፖርቱጋል ለረጅም ጊዜ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚኖር ሰው የግብር ወኪል እንዲሰይም ትጠይቅ ነበር። ወኪል መያዝ ነውር የለውም። ግን መዝገቡ ላይ የሚሞላው ስልክ፣ ኢሜይልና አድራሻ የባለቤቱ ይሁን። የይለፍ ቃሉም በባለቤቱ እጅ ይሁን።

ቁጥሩ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ በሁለት ወር ከአሥር ቀን ወጣ። አንድ ወረቀት ነው። ስሜ፣ የትውልድ ቀኔ፣ ቁጥሩ። ስሜ ላይ ኤቿ አለች። መስኮቱ ላይ ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

አሁን ከላይ እመለስበታለሁ ወዳልኩት ልምጣ። ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው።

የራሴ ጡረታ የሚከፈለኝ ከሠራሁበት አገር ነው። በየወሩ ከመላኩ በፊት ተቀናሽ ግብር ይቆረጥበታል። አራት ዓመት ሙሉ ተቆርጦበታል። ሕጉ ነው ብዬ ዝም አልኩ። የሴትዮዋ መስኮት ላይ ወረቀቱን ስቀበል ግን «ጡረታዎ ከየት ነው የሚመጣው?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «በሁለቱ አገሮች መካከል ስምምነት አለ። የነዋሪነት የምስክር ወረቀት ለምን አይጠይቁም?» አሉኝ።

ስምምነት ያሉት ተደራራቢ ግብርን ለማስቀረት አገሮች ሁለት ሁለት ሆነው የሚፈራረሙትን ነው። አብዛኞቹ የሚቀዱት ያው የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ካዘጋጀው ሞዴል ነው። በሞዴሉ አንቀጽ 18 መሠረት በግል መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ጡረታው ግብር የሚከፈልበት በሚኖርበት አገር ብቻ ነው። አንቀጽ 19 ደግሞ ለመንግሥት ያገለገለን ሰው ይለያል። የእሱ ጡረታ ግብር የሚከፈልበት በከፋዩ አገር ነው፤ ሰውየው የሚኖርበት አገር ዜጋ ካልሆነ በስተቀር። እያንዳንዱ ስምምነት ከሞዴሉ ሊለይ ይችላል፤ ስምምነት የሌላቸው አገሮችም ብዙ ናቸው። ስለዚህ የራስን ስምምነት ማንበብ የግድ ነው። የባለቤቴ የመንግሥት ጡረታ ነበር፤ የእኔ የግል። እሱ ቁጥሩን ይዞም በጡረታው ላይ የሚቀየርለት ነገር አልነበረም። የሚቀየርልኝ ለእኔ ነበር። ቁጥር ያልነበረኝ ደግሞ እኔ ነኝ።

የምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው የግብር ቢሮው ነው፤ ለመጠየቅ የራስ ቁጥር ያስፈልጋል። ጠየቅኩ፣ ተሰጠኝ፣ ለጡረታ ከፋዩ ላክሁ። መቆረጡ ቆመ። እዚህ አገር ደግሞ የእኔ ጡረታ ከግብር ነፃ ከሆነው መጠን በታች ነው። የፈራሁት ደብዳቤ አልመጣም።

ያለፈውንም ለማስመለስ አመለከትኩ። የኖርኩባቸውን ዓመታት የመኖሪያ ፈቃዴ ያሳያል። የሦስቱ ዓመት ተመለሰልኝ። የመጀመሪያው ዓመት ግን የማመልከቻው ጊዜ አልፎበታል ተባለ። የዚያ ዓመት ገንዘብ ውሃ በላው። ያ ዓመት «ነይ አብረን እንጨርሰው» ያለኝ ዓመት ነበር።

አንዳንዴ ደግሞ ቁጥር አለመስጠት ራሱ ያስቀጣል። አውስትራሊያ ውስጥ የግብር ቁጥር እንዲሰጥ ማንም አይገደድም። ነገር ግን ነዋሪው ለባንኩ ካልሰጠ በወለዱ ላይ በከፍተኛው ምጣኔ ይቆረጥበታል።

ሕጉም ባለበት አይቆምም። ታይላንድ የሚኖሩ ጡረተኞች ለዘመናት ከውጭ ስለሚያስገቡት ገንዘብ ብዙም አይጨነቁም ነበር። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ግን በዓመት 180 ቀንና ከዚያ በላይ የሚኖር ሰው ወደ አገሩ የሚያስገባው የውጭ ገቢ ግብር ሊመለከተው እንደሚችል ተደነገገ። ከ2024 በፊት የተገኘ ገቢ ነፃ ነው ተብሏል። እንዲህ ሲሆን የቆየ ቁጠባ ያለው ሰው ቁጠባው የቆየ መሆኑን በባንክ መግለጫ ማሳየት አለበት። እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ ሁሉም ጡረተኛ በአንድ ጊዜ ወደ ቢሮው ይጎርፋል፣ ወረፋው ይረዝማል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ስለ ባለቤቴ ቁጥርም አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ሲሞት ቁጥሩ ወዲያው የሚጠፋ መስሎኝ ነበር። በብዙ አገር ያረፈበትን ዓመት የሚመለከት የመጨረሻ ማስታወቂያ የሚያቀርብ ሰው ያስፈልጋል። ለቢሮው ማሳወቅም የቤተሰብ ኃላፊነት ነው። እኔ ያቀረብኩት በዘጠነኛው ወር ነው። የእሱን ቁጥር የጻፍኩት ያኔ ለመጨረሻ ጊዜ ነበር። ሠራተኛዋ መዝገቡን ስትዘጋ አየኋት። አንድ ቁልፍ ነክታ ነው የዘጋችው። ትንሽ ቁጭ ልበል ብያት ተቀመጥኩ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ባልና ሚስት ቤቴ መጡ። ገና መምጣታቸው ነው፤ እሱ 68፣ እሷ 65። ጠያቂው እሱ ነው። የቱ ቢሮ፣ የቱ ቅጽ፣ ስንት ኮፒ። እሷ አጠገቡ ዝም ብላ ተቀምጣለች። እየነገርኩት «አንቺስ?» አልኳት። «እኔ እዚህ ገቢ የለኝም» አለች።

ሰማያዊውን ፋይል አምጥቼ ከፈትኩላት። የውስጥ ሽፋኑ ላይ ባለቤቴ በራሱ እጅ የጻፈው ቁጥር አለ። ከሥሩ የእኔን ጽፌያለሁ። በሁለቱ መሐል ያለውን የቀን ልዩነት አሳየኋት። አራት ዓመት ከአምስት ወር።

ማክሰኞ ሦስታችንም አብረን ሄድን። መጀመሪያ የተጠራችው እሷ ናት። መስኮቱ ላይ ስሟን ሲጠይቋት ወደ ባሏ ዞር አለች፤ ከዚያ ተመለሰችና ራሷ ፊደል በፊደል ነገረቻቸው።